በጥንታውያን ጀርማናውያን ቋንቋዎች የቀለም ስሞች አመጣጥ

እንግሊዝኛ፥ ጀርመንኛ፥ ሆላንድኛ፥ ስዊድንኛና አይስላንድኛ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወለዱ እኅትማማች ናቸው። እናቲቱ መጽሐፍ ሳትተውልን ብታልፍም፥ ሊቃውንት የልጆቿን ቃላት እያስተያዩ መልኳን ለማወቅ ችለዋል። ከዚሁ ምርምር ስለ ቀለም ስሞች የተገኘው ትምህርት ለመምህራንና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ጥቂቱን እናቀርባለን።

ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የተወለዱት በዐይን ከሚታየው ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አረንጓዴ ማለት የሆነው «ግሪን»፥ ማደግ ከሚለው «ግሮው»ና ሣር ከሚለው «ግራስ» ጋራ አንድ ሥር አለው። የብጫ ስም «የሎው» የወርቅ ስም ከሆነው ከ«ጎልድ» ጋራ ይዛመዳል። ስንዴም «ዊት» የተባለው ስለ ንጣቱ ነው። እኛም ሰማያዊን ከሰማይ፥ ቡናማን ከቡና ማውጣታችን ከዚህ የራቀ አይደለም።

የቀይ ስም «ሬድ» ግን ከጀርማናውያንም በፊት የነበረ ነው፤ ከላቲኑ «ሩበር»ና የኤርትራ ባሕር ከተሰየመበት ከግሪኩ «ኤሪትሮስ» ጋራ ሥሩ አንድ ነውና። ጥቁር የሚለው «ብላክ» ደግሞ ማቃጠልንና ማብራትን ከሚያመለክት ሥር የመጣ ነው። ስለዚህ በጥንታዊው እንግሊዝኛ በፊደል እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ አንደኛው ጥቁር፥ ሁለተኛው ግን የገረጣና የሚያበራ ማለት ነበር።

ይልቁንም ጥንቃቄ የሚያሻው ሰማያዊ የሚለው ስም ነው። የጥንት አይስላንዳውያን «ብላር» የሚሉት ቃል ከሰማያዊ እስከ ጥቁር ያለውን ጥልቅ ቀለም ያጠቃልል ነበር። አፍሪካዊውን ሰው «ብላማድር»፥ አገሩንም «ብላላንድ» ብለው ጻፉ፤ ኢትዮጵያ የሚለውንም ስም በዚሁ ቃል ተረጐሙ። እንግዲህ የዛሬውን መዝገበ ቃላት ብቻ የተከተለ ተርጓሚ አባቶቻችንን «ሰማያዊ ሰዎች» ብሎ ሊጽፋቸው ነው! ጸሐፊዎቹ ግን ጥቁር ማለታቸው ነበር።

የዚሁ ቃል ጕዞ ሌላም ያስተምራል። ፍራንኮች የተባሉት ጀርማናውያን ቃሉን ለፈረንሳይኛ አወረሱ፤ ኖርማኖች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፥ እንግሊዝኛ «ብሉ»ን ከፈረንሳይኛ ተዋሰ። ቃሉ በውሰት መልክ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግዲህ የቀደመውን ሰው ቃል በዛሬ ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው፥ ያልተነገረውን እንደ ተነገረ አድርጎ ይፈርዳል። የቃልን ታሪክ መመርመር ግን እውነትን ለባለቤቱ መመለስ ነው።