በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ሰዎች የሚመደቡባቸው መደቦች

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው መስፈርት መሠረት ሰዎች በሚከተሉት መደቦች ይለዩ ነበር። መደቡ የሚደረገውን ምርመራና ክትትል ይወስን ነበር።

ተጠርጣሪ፦ ለምሳሌ ድንገተኛ ትኩሳትና ሳል ያለበት፣ ምልክቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 14 ቀናት ውስጥም ቫይረሱ በኅብረተሰቡ መካከል በሚዛመትበት አካባቢ የኖረ ወይም ወደዚያ የተጓዘ ሰው ነው።

ሊሆን የሚችል፦ ምልክቶቹ ያሉበትና በሽታው ከተረጋገጠበት ሰው ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ነው።

የተረጋገጠ፦ በላቦራቶሪ ምርመራ የቫይረሱ ዘረመል የተገኘበት ሰው ነው፤ ምልክት ባያሳይም እንኳ በዚህ መደብ ይያዛል።

ንክኪ ያለው፦ ታማሚው ምልክት ከማሳየቱ 2 ቀን ቀደም ብሎ አንሥቶ እስከ 14 ቀን በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ ፊት ለፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ አብሮት የቆየ ሰው ነው። ንክኪ ያለው ሰው ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ሆኖም በወቅቱ ከሌሎች ተለይቶ እንዲቆይ ይመከር ነበር።

መደቡ አዲስ መረጃ ሲገኝ ይለወጣል። ናሙናው በትክክለኛው ጊዜ ወይም በአግባቡ ካልተወሰደ ቫይረሱ እያለ ላይገኝ ስለሚችል፣ ባለሙያው ምርመራው እንዲደገም ሊያዝ ይችላል።

በመሆኑም ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የተጓዙበትን ቦታና አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ሳይደብቁ ያስረዱ። የሚሰጡት መረጃ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ ተገቢውን አገልግሎት በጊዜው እንድታገኙ ይረዳል።