ጠፍሩን አትፍቱት

ሰሜን ሸዋ፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሏል። አምና ለፋሲካ ስሄድ አባቱ አወረዱና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰደፉን መሬት አስነክተው ሲያቆሙት አፈሙዙ ደረቴ ጋ ደረሰ። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ ሲደርቅ የጠበቀ ነውና ዛሬ እንደ ቀንድ ጠንክሯል፤ በጥፍር ቢመቱት ይጮኻል። ወዳጄ ይህን ጠፍር ፈትቶ፣ እንጨቱን ለአናጢ ሰጥቶ፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አስፈትጎ አዲስ ሊያስመስለው ተነሥቶ ነበር። አባቱ «አባቴ ያሰረውን እኔ እያለሁ ማንም አይፈታውም» አሉት። እኔም ከሽማግሌው ጋር ቆምኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ሻስፖ የተባለውን የቀደመ ጠመንጃ አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣው መሣሪያ ነው። ሻስፖ ባሩዱ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ነበር የሚጎርሰው፤ ግራ የናስ ቀለህ ይዞ መጣ። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ተኩሰው ቀለሁን ካላወጡ ሁለተኛውን አይቀበልም። የአፉ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳስ አረሩ ክብደት 25 ግራም ነው። ግሪኮችም ስለታጠቁት በእነሱ አገር «ግራ» የማንኛውም ጠመንጃ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ስትታጠቅ ውጅግራ እያደር ከሠራዊቷ እጅ ወጥቶ ነጋዴ እጅ ገባ። በኦቦክና በታጁራ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ወጣ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ምኒልክ ዘንድ ደርሷል፤ የእሱ ጭነት ግን ከውጅግራም ያረጀ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ውጅግራው ከሬሚንግተኑና ከሌላው ጋር አብሮ ዋለ። በዚያች ዕለት ከጣሊያን ጦር የተማረከው ጠመንጃ ብቻ ወደ 11,000 ይደርሳል፤ ብዙውም ቬተርሊ ነው። እንግዲህ በየቤታችን የተሰቀለው ጠመንጃ አንዱ ተገዝቶ፣ አንዱ ተማርኮ፣ አንዱ ተሸልሞ የመጣ ነው። ይህን ለመለየት የሚረዳው ደግሞ ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

የሽማግሌውን ውጅግራ ነጭ ጋዝ በነካ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለን ስናብሰው የፈረንሳዩ የሳንት-ኤትየን ፋብሪካ ስም ወጣ፤ አጠገቡ «ኤም 80» የሚል ምልክት አለ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1880 ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙ የተኳሹን ዓይን እንዳያገኘው ማምለጫ ቦይ ቆርጠውለታል፤ ምልክቱ ይህ ማሻሻያ የተደረገለት መሆኑን ይናገራል። ሽማግሌው ጣታቸውን ቦዩ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲወለውሉት ኖረው ለምን እንደተቆረጠ የነገራቸው አልነበረም። ያ የብርጭቆ ወረቀት ቢያርፍበት ኖሮ ይህ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ዝገት ሲነሣ ቡናማው ልብስ እንዳለ ይቆይ፤ ፊደሉም አይነካ። እንጨቱን የተልባ ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃዋል። ጠፍሩም የጠመንጃው አካል ነው፤ አይፈታ።

ስለ መተኮሱ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ግፊቱ ዝግ ያለ ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ያ አሮጌ ብረት ከሚችለው በላይ ይገፋል። የክላሽ ጥይት ፈልቅቆ ባሩዱን አሮጌ ቀለህ ውስጥ መሙላት ብልሃት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ፊቱ አጠገብ ፈንጂ እያጠመደ መሆኑን ይወቅ። ብረቱን የሚያውቅ ባለሙያ የውስጡን ዝገትና የመዝጊያውን አያያዝ ሳያይ ጠመንጃው ጥይት አይጎርስም። ከተፈቀደም የመጀመሪያው ተኩስ በትከሻ አይሆንም፤ ጠመንጃው ጎማ ላይ ታስሮ፣ ቃታው ከግድግዳ ጀርባ በረጅም ገመድ ይሳባል፤ ከዚያ ቀለሁ ይታያል። ተሰንጥቆ ወይም አብጦ ከወጣ ነገሩ አበቃ፤ ያ ጠመንጃ ይሰቀላል እንጂ አይተኮስም። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጨው እርጥበት ስለሚስብ አፈሙዙ በዚያው ቀን በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «አባቴም ከተኩስ ሲመለስ መጀመሪያ ውሃ አፍሉልኝ ነበር የሚለው» አሉ።

ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ የሚተኮሰው አረር ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል፤ ይህ ልማድ ይቅር። ፈቃዱም አይረሳ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በሺህ የሚቆጠር አሮጌ ጠመንጃ ከኢትዮጵያ ተገዝቶ አሜሪካ ገብቷል። እዚያ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ በሕጋቸው እንደ ጥንታዊ ቅርስ ስለሚቆጠር ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፤ አጽድተው፣ ጥይቱን በእጃቸው ሠርተው ይተኩሱታል። በእንክብካቤያቸው ቅር አይለኝም። የሚቆጨኝ ማን እንደተሸከመው፣ የት እንደዋለ የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ አብራው አለመሄዷ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትዎ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ካለ ዘይቱን ከመግዛትዎ በፊት የቤቱን ትልቅ ሰው ይጠይቁ። ማን ያዘው፣ ከየት መጣ፣ ጠፍሩን ማን አሰረው? መልሱን በወረቀት ጽፈው፣ የብረቱን ቁጥር ገልብጠው ከፈቃዱ ደብተር ጋር ያስቀምጡ። የወዳጄ አባት 80ኛ ዓመታቸውን አልፈዋል፤ እኛ የእሳቸውን በዚያው በፋሲካ ማግሥት ጻፍነው።