ለሠረገላ የተሠራው ኩሽኔታ ሐይቅ ሲገባ

በእንጨትና በአሮጌ ኩሽኔታ በተሠራ ጋሪ ቁልቁለት ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ያ አስፋልት ላይ የሚጮኸው የብረት ቀለበት ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው፤ «ትንሽ ትራስ» እንደማለት። ብረት ትራስ ይባላል እንዴ? ሥራው እኮ ሁለት ብረቶች እንዳይፋጩ መሃላቸው ገብቶ መሸከም ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1794 (እ.ኤ.አ.) ዌልሳዊው ፊሊፕ ቮን ለሠረገላ አክስል ባለ ኳስ ኩሽኔታ ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣ። ኳስ ግን ቀለበቱን የሚነካው ነጥብ በምታህል ቦታ ብቻ ስለሆነ ከባድ ጭነት ይከብደዋል።

ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ሄንሪ ቲምከን በሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ከባድ ሠረገላ ሲታጠፍ ጭነቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣል። ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች የላዩን ይችሉታል፤ የጎኑን ግን አይችሉም። ቲምከን በ1898 የፈጠራ መብት ያገኘበት መፍትሔ ዘንጎቹን ሾጣጣ አድርጎ በሰያፍ መደርደር ነው። በአንድ ዕቃ ሁለቱም ጭነት ተያዘ! ለእኔ ከኳሱ ይልቅ ብልሃት ያለው ይሄኛው ነው።

ይኸው ሾጣጣ ኩሽኔታ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ጀልባ በሚጎትቱ ተሳቢዎች ጎማ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ ሠረገላ ሐይቅ ውስጥ አይነከርም፤ የጀልባ ተሳቢ ግን ይነከራል።

እስቲ ይህን ሞክሩ። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ (የፈላ አይደለም!) ጨምሩ፣ ድፉት፣ ወዲያው ክደኑትና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ይጨማደዳል አይደል? ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ረጅም መንገድ ተጉዞ የጋለ የጎማ እምብርትም ሐይቅ ሲገባ እንዲሁ ይሆናል። እሱ ግን ብረት ስለሆነ አይጨማደድም፤ በማሸጊያው በኩል ውኃ ይስባል። ከዚያ ተሳቢው ለሳምንታት ይቆማል፤ የለሰለሰው ብረት ዝጎ ይቦረቦራል። በቀጣዩ ጉዞ ኩሽኔታው ይግላል፣ ይነክሳል፤ ብሶ ከሆነም ጎማው መንገድ ላይ ተነቅሎ ይሄዳል።

ስለዚህ አዲስ ባለቤት ጀልባውን ውኃ ከማስገባቱ በፊት እምብርቱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ። አንዳንድ ተሳቢ ላይ ግሪሱን በስፕሪንግ እየገፋ የውስጡን ግፊት ከውጪው ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ክዳን አለ፤ ጥሩ ነገር ነው፣ መፍታትን ግን አያስቀርም። ቢያንስ በዓመት አንዴ ኩሽኔታው ወጥቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይታያል። የተቦረቦረ ካለ ከነቀለበቱ ይቀየራል። ግሪሱ ላዩ ላይ ተቀብቶ አይበቃም፤ በዘንጎቹ መሃል እስኪወጣ ድረስ በመዳፍ ይጠቀጠቃል። አሮጌው ማሸጊያም አይመለስም፣ አዲስ ይገባል። ያገለገለ ተሳቢ ሻጭ «አሁን ነው ግሪስ የተደረገው» ቢልም መክፈት ነው፤ ውስጡ ያለው ግሪስ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።