10 ሚሊዮን ፖስታ የላከው መጽሔት ለምን ተሳሳተ?

እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ ‹‹ሊተራሪ ዳይጀስት›› የተባለው ታዋቂ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሞልተው መለሱለት። መጽሔቱ ቆጠረና ሪፐብሊካኑ አልፍ ላንደን 57 በመቶ ገደማ አግኝቶ እንደሚያሸንፍ አወጀ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ለላንደን የቀሩት ሜይንና ቬርሞንት ብቻ ነበሩ። መጽሔቱም በ1938 መታተሙን አቆመ።

ይህ መጽሔት ከዚያ በፊት የነበሩ ምርጫዎችን በትክክል ተንብዮ ስም ያተረፈ ነበር። ታዲያ ምን ነካው? ስም ዝርዝሩን የለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የነበረው ሰው ኑሮው ደህና የሚባል ነበር። በዚያ ላይ ከተጠየቁት አብዛኞቹ ዝም አሉ። ወረቀቱን ሞልቶ ለመላክ የተነሳሳው በሩዝቬልት የተከፋው ወገን ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሎፕ ከዚህ እጅግ ያነሱ ሰዎችን ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ድስቱ በደንብ ከተማሰለ የወጡን ጨው ለማወቅ አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ ካልተማሰለ ግን ከላይ በጭልፋ ቢቀመስም ልኩ አይታወቅም።

ይህ ታሪክ በስታቲስቲክስ ትምህርት ሲነገር ዘመናት አልፈዋል። ነገር ግን ከቁጥር ጋር የሚውሉት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስለ ራሳቸው ሙያ ሲጠየቁ ያው ጉድጓድ ይጠብቃቸዋል።

‹‹ስታክ ኦቨርፍሎው›› ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ፕሮግራመሮችን ይጠይቃል። በ2017 ብቻ 64 ሺህ ያህል ሰዎች መልሰውለታል። ‹‹ስቴት ኦፍ ጄኤስ›› የተባለው ጥናት ደግሞ በ2016 ተጀመረ። በ2019 ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ሲመልሱለት፣ ከ10 መላሾች 8ቱ ያህል ‹‹ሪአክት››ን ተጠቅመናል አሉ። ይህን ያነበበ ሰው ድረ ገጽ ሁሉ እንዲህ የሚሠራ ይመስለዋል፦ ሰርቨሩ ያለቀ ገጽ ከመላክ ይልቅ የጃቫስክሪፕት ኮድ ይልካል፣ ገጹን የሚገጣጥመው የተጠቃሚው ስልክ ይሆናል።

ሰዎችን ሳይሆን ድረ ገጾችን ራሳቸውን የሚቆጥረው ‹‹ደብሊው ስሪ ቴክስ›› ግን በ2023 ሌላ ዓለም ያሳያል። ሪአክት የተገኘው ከ10 በመቶ በታች በሆኑ ድረ ገጾች ላይ ነው። በ2006 የተወለደውና ‹‹አረጀ›› የሚባለው ጄኩዌሪ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ነበር። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የቆሙት በዎርድፕረስ ነው።

በእርግጥ አንዱ ሰው፣ ሌላው ድረ ገጽ ይቆጥራል። የድረ ገጽ ቆጠራም የራሱ ጉድለት አለው፤ ለዓመታት ያልተነካውን ገጽ ከአዲሱ እኩል ይቆጥራል፣ በይለፍ ቃል የተዘጋውን ውስጥ አያይም። ይህን ያህል ርቀት ሲፈጠር ግን መጠይቁ በማን እጅ እንደደረሰ መጠየቅ ግድ ነው። ሊንኩ የሚዞረው አዳዲስ የጃቫስክሪፕት ዜና በሚከታተሉ ሰዎች መካከል ነው። የአንድን ማዘጋጃ ቤት ገጽ በፒኤችፒ እየጠገነ የሚውለው ባለሙያ ሊንኩን አያየውም፤ ቢያየውም ‹‹የእኔ ጉዳይ አይደለም›› ብሎ ያልፈዋል። አዘጋጆቹ ራሳቸው ውጤቱ ሁሉንም እንደማይወክል ይናገራሉ። ግራፉ ግን ማሳሰቢያውን ጥሎ ብቻውን ይጓዛል።

ሥራ አስኪያጁ ያንን ግራፍ ይዞ አሠራር ይመርጣል፣ ማሠልጠኛው ሥርዓተ ትምህርት ይቀርጻል። ጥቂት ጽሑፍና አንድ ቅጽ ብቻ ያለው ገጽ ከባድ ኮድ ይሸከማል። ዕዳውን የሚከፍለው በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ገጹን ለመክፈት የሚታገለው ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜጋባይት ገንዘብ ያወጣል፣ ነጭ ስክሪን እያየ ይጠብቃል።

ይህን ሰው መጠይቁ አላገኘውም። በ1936ም ስልክና መኪና ያልነበረውን አብዛኛውን መራጭ መጽሔቱ አልጠየቀውም ነበር፤ እሱ ግን በምርጫው ቀን ወጥቶ መልሱን ሰጠ። ድረ ገጽ ተጠቃሚው የምርጫ ቀን የለውም፤ ሲሰለቸው ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።