ማኅተም ከራስጌ፣ ፊርማ ከግርጌ



አሮጌ የቅንጦት ብዕር መግዛት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ ለሚነጋገር ገጽ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ሆኖም በአገራችን ብዕርና ሥልጣን ተነጣጥለው ስለማያውቁ፣ የብዕሩን ዋጋ ከመተመን በፊት ታሪኩን መመርመር ግድ ይላል። ታሪኩ ሲመረመር ደግሞ ከብዕሩ ይልቅ ሌላ ዕቃ ገዝፎ ይታያል፤ ማኅተም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ ብዕርን እናከብራለን እንጂ አናምነውም፤ የምናምነው ማኅተምን ነው። ይህ ልማድ ደግሞ የተጠያቂነት ባህላችንን ክፉኛ ጎድቶታል።

መቃ፣ ቀንድ እና ማኅተም

የቀድሞው ጸሐፊ መሣሪያ መቃ ነበር። ጫፉን ቀርጾ፣ ሰንጥቆ ያዘጋጀዋል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል አዋሕዶ ለወራት ያብላላዋል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስሞችና ለአርእስት ይቆጥበዋል። ቀለሙ የሚቀመጠው በከብት ቀንድ ውስጥ ሲሆን ቀንዱ በጸሐፊው አጠገብ መሬት ላይ ይተከላል። ብራናውን ፍቆና አሥምሮ አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። መሣሪያው ከምንም የማይቆጠር ሲሆን ሥራው ግን ውድ ነበር። መቃው ሲደነዝዝ እንደገና ይቀረጻል፤ ሲያጥር ይጣላል። በዚያ ዓለም «የቅንጦት ብዕር» የሚባል ነገር ቢነገር ማንም አይረዳውም ነበር።

ነገሥታቱ ደብዳቤ ሲልኩ በልማድ ራሳቸው አይጽፉም፤ አይፈርሙምም። ጸሐፊው ይጽፋል፣ የንጉሡ ማኅተም ይመታበታል። የማኅተሙ ቦታ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በደብዳቤው ራስጌ ነው። ፊርማ ግን ከግርጌ ይሰፍራል። ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። ከራስጌ ያለው ማኅተም «ቃሉ የመጣው ከላይ ነውና ስማ» ይላል። ከግርጌ ያለው ፊርማ ደግሞ «ከዚህ በላይ የተጻፈውን አንብቤአለሁ፤ እጠየቅበታለሁ» ይላል። አንደኛው የሥልጣን ቋንቋ ነው፤ ሁለተኛው የኃላፊነት።

የውጫሌ ውል ይህን ለማየት ያግዘናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ሲጸና አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መገናኘት «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ወደ ግዴታ ለወጠው። በአንዲት ግሥ ልዩነት ኢጣሊያ አገሪቱ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን ቢያፈርሱትም ክርክሩ ያበቃው በደም ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ። ማኅተም የተነበበውንም ያልተነበበውንም ገጽ እኩል ያጸናል። ይህ ኃይሉም ነው፣ አደጋውም ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው ሹም የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ናቸው። ፈረንጆች መሥሪያ ቤቱን «የብዕር ሚኒስቴር» እያሉ ይተረጉሙታል። ትርጉሙ ያማረ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይሸሽጋል፤ የጸሐፌ ትእዛዙ ክብደት የመጣው ከመጻፉ ብቻ ሳይሆን የንጉሡን ማኅተም ጠባቂ ከመሆኑ ነውና። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ መታተም በጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ አዋጆቹ ከግርጌ የጽሕፈት ሚኒስትሩን ስም ይዘው ይወጡ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥልጣን ከዙፋኑ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። በ1947 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከቦታቸው አንሥተው የአሩሲ ገዥ አድርገው ሰደዷቸው። ማኅተሙ አዲስ አበባ ቀረ። ኃይሉ የሰውየው ሳይሆን የማኅተሙ እንደነበረ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ወርቅ ጫፍ ያለው እንግዳ

ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚዞረው ብዕር ወደ ታሪካችን የገባው በዚህ መሀል ነው። ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1884፣ ከውጫሌ አምስት ዓመት አስቀድሞ ነው። ፓርከር ዱኦፎልድ በ1921፣ ፓርከር 51 በ1941፣ የሞንብላን 149 ደግሞ በ1952 ለገበያ ቀረቡ። የእነዚህ ብዕሮች ክብር ከፊርማ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1945 ጃፓን እጇን ስትሰጥ ጄኔራል ማክአርተር በአንድ ፊርማ ላይ በርካታ ብዕሮች እያፈራረቁ ተጠቀሙ፤ አንዱ የባለቤታቸው ቀይ ዱኦፎልድ ነበር። ብዕሮቹ ከዚያ በኋላ እንደ ቅርስ ተያዙ። የቅንጦት ብዕር፣ እንግዲህ፣ የግለሰብ ስም ክብደት ባለው ዓለም የተወለደ ዕቃ ነው።

እኛም ዘንድ ፊርማ ቀስ እያለ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በብዕር ፈረሙ። ይሁን እንጂ ብዕሩ ሲገባ ያገኘው የተዘጋጀ ቦታ የሹሙን የደረት ኪስ ነበር። ከኮት ኪስ ብቅ የሚለው የወርቅ ክዳን ባለቤቱ የተማረ፣ የተሾመ፣ ቢሮ ያለው መሆኑን ያውጃል። ብዕር የማዕረግ ጌጥ ሆነ፤ ማጽናቱ ግን እንደ ጥንቱ ለማኅተም ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1950 የቢክ እስክርቢቶ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ መጻፍ ርካሽ ሲሆን፣ ወርቅ ጫፍ ያለው ብዕር ጭራሹን ጌጥነቱ ጎላ።

አውራ ጣት ወይስ ስም?

ወደ ወላይታ ልመለስ፤ የማስተምረው ሶዶ፣ የማርፈው ገሱባ ነውና። ወላይታ ከንጉሥ ጦና ሽንፈት በኋላ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲውል የወረቀት አስተዳደርም አብሮ ገባ። ክሱ፣ ፍርዱና ደረሰኙ ብዙኃኑ ገበሬ በማይናገረው ቋንቋ ይጻፋል፤ ገበሬው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያኖራል። አውራ ጣትም እንደ ማኅተም ነው፤ ያላነበቡትን ያጸናል። ልዩነቱ አንደኛው የአዛዡ፣ ሌላው የታዛዡ መሆኑ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ለመለወጥ ተነሣ። ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ወላይትኛ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። የደርግን ዘመን የሚኰንን ሰው እንኳ ይህን ሊክድ አይገባውም፤ በአውራ ጣቱ ሲያጸና የኖረ አባወራ በስተርጅና ስሙን ጽፎ መፈረም ሲችል ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት በመጠኑም ቢሆን ተለወጠ። ለዚህ ለውጥ ያስፈለገው መሣሪያ ደግሞ ርካሽ እርሳስ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ዛሬ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል ስማቸውን ይጽፋሉ።

ያው ወላይታ በ1992 ዓ.ም. ሌላ ትምህርት ሰጠ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ የተሰናዳው «ወጋጎዳ» በመማሪያ መጽሐፍ መልክ ትምህርት ቤት ገባ። ሕዝቡ አልቀበልም አለ፤ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ መምህራን ታሰሩ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለዚያ ዓመት የጠየቅኋቸው መምህራን የተቃውሞውን ቀንና የጓደኞቻቸውን ስም ያስታውሳሉ። ውሳኔው የማን ነበር ስላቸው ግን መልሳቸው «የሚመለከተው አካል» ነው። የሚመለከተው አካል እጅ የለውም፣ ስም የለውም፣ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ያለው ክብ ማኅተም ብቻ ነው።

ፊርማ ሲመሰክር

የፊርማ ትርጉም በጉልህ የታየው በደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ግን ብዙ ወረቀት ትቶ አለፈ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ክሱን ሲያደራጅ ከምስክሮች ባሻገር የተደገፈው በሥርዓቱ የራሱ ሰነዶች፣ በቃለ ጉባኤዎችና በተፈረሙ ትእዛዞች ላይ ነው። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለበጎ ነገር ነበር፤ ክፋትም በጽሑፍ እንደሚወረስ ያ ችሎት አሳየን። ማኅተሙ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሲለዋወጥ ፊርማው ከባለቤቱ አልተላቀቀም።

የዛሬዎቹ ቢሮዎቻችን ከዚህ የተማሩት መጠንቀቅን ይመስላል። ፊርማዎቻችን የማይነበቡ ሆነዋል። በኃላፊው ስም የሚወጣ ደብዳቤ ላይ «ለ» የምትል ፊደል ጣል ተደርጋ ሌላ ሰው ይፈርማል፤ ቲተር ይመታል፣ በላዩ ላይ ክብ ማኅተም ይደረባል። ከሥር ያለው ስም በቀለም ይጠፋል። ባለ ጉዳዩም ቢሆን የሚያየው የፈራሚውን ስም ሳይሆን ማኅተሙ መኖሩን ነው። ማኅተም የሌለበት ፊርማ ከደጅ ይመለሳል፤ ፈራሚው የማይታወቅ ማኅተም ግን በየመስኮቱ ያልፋል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው ለእኔ የመጣው ገሱባ ውስጥ የአንድ የቀድሞ ሹም ቤተሰብ ለሽያጭ ባወጣው ፓርከር 51 ምክንያት ነው። ክዳኑ በወርቅ የተለበጠ፣ አካሉ ጥቁር፣ የተጠየቀበት ዋጋ ከአንድ ወር ደመወዜ የሚበልጥ ነው። ሻጮቹ «በዚህ ብዕር ስንት ሹመት ተፈርሟል» ይላሉ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና ዕቃውን እንደ ዕቃ እንየው። ይህ ብዕር በሚሊዮኖች ተሠርቷል፤ ያማረ እንጂ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1948 በፊት የተሠሩት ቀለም የሚስቡበት ስስ ጎማ በዕድሜ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የተሻለ ዕድሜ አላቸው። ለዓመታት ሳይታጠብ የቆየ ብዕር ውስጡ ቀለም ደርቆ ይዘጋል። የወርቁ ጫፍ መዳረሻ ላይ ያለችው ጠንካራ ብረት በቀድሞው ባለቤት እጅ ዘንበልታ ልክ ትበላለች፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ብዕር ለአዲስ እጅ መጀመሪያ ይሻክራል። ከመክፈል በፊት ውኃ መሳቡን፣ ክዳኑ አለመሰንጠቁን፣ ወረቀት ላይ ሳይቆራረጥ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ካለፈ፣ ከማንኛውም አዲስ እስክርቢቶ ይልቅ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ስለ ሹመቱ የሚነገረው ታሪክ ግን ዋጋ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ሹመቱን ያጸናው ማኅተሙ ነው፤ ብዕሩ ተላላኪ ነበር። በመሆኑም ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ለሚጽፍ ብዕር የሚገባውን እከፍላለሁ፤ ለማዕረግ ትዝታ ተጨማሪ ብር አልከፍልም። ሻጮቹ በዚህ ካልተስማሙ ብዕሩ በኪሳቸው ይቆይ።

ለመሰሎቼ፣ ማለትም ፊደል ለቆጠርነውና በየኮሚቴው ለምንቀመጠው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቃለ ጉባኤ ሲዞር ብዙዎቻችን ሳናነብ እንፈርማለን፤ የማንስማማበትን ከስብሰባው በኋላ በቡና ላይ እናማለን። በአገራችን የስብሰባ ሥርዓት ግን «የልዩነት ሐሳብ» የሚባል ጠቃሚ መብት አለ፤ የተሰብሳቢዎች ቁጥር ቢያይልም፣ ያልተስማማው ሰው ምክንያቱን ጽፎ፣ ስሙን ግልጽ አድርጎ ከግርጌ መፈረም ይችላል። ያች አንዲት መስመር ውሳኔውን ላትቀለብስ ትችላለች። ከዓመታት በኋላ መዝገቡ ሲከፈት ግን «የሚመለከተው አካል» ከሚለው ጭጋግ ውስጥ አንድ ሰው ተለይቶ ይታያል። ያን መስመር ለመጻፍ ወርቅ ጫፍ ያለው ብዕር የሚያስፈልገው ካለ፣ ይግዛ፤ ገንዘቡ አልባከነም። ለደረት ኪስ ከሆነ ግን ክዳኑ ብቻውን ይበቃዋል።

ቸር እንሰንብት።