ስለ ሠዓሊው አልብሬክት ዱረርና በየገበያው ስለ ዞሩት ሥዕሎቹ

በቀድሞ ዘመን ሠዓሊ የሚኖረው በባለጸጋ ደጅ ነበረ። ንጉሥ ወይም ኤጲስ ቆጶስ ወይም ሀብታም ነጋዴ ሥዕል ባሻው ጊዜ ሠዓሊውን ያስጠራል፤ ዋጋውን ይቈርጣል፤ ሥዕሉም ሲያልቅ ወደ አንድ ቤተ መቅደስ ወይም ወደ አንድ እልፍኝ ገብቶ ይቀመጣል። የሠዓሊውን ስም የሚያውቁት በዚያ ደጅ የሚገቡና የሚወጡ ብቻ ናቸው። የሚጠራው ያጣ እንደ ሆነ፣ ጥበቡ ምንም ቢበዛ፣ ጾሙን ያድራል። ይህን ልማድ ከለወጡት ሰዎች አንዱ የጀርመን ሰው አልብሬክት ዱረር ነው።

ዱረር ኑረንበርግ በምትባል ከተማ በ1471 ዓመት ተወለደ፤ እዚህ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባቱ ከሀንጋሪ አገር የመጣ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ፤ የክርስትና አባቱ ግን አንቶን ኮበርገር የሚባል ስመ ጥር የመጻሕፍት አታሚ ነው። ስለዚህ ልጁ በአባቱ ቤት በማዕድን ላይ መቅረጽን ሲማር፣ በክርስትና አባቱ ሥራ ደግሞ አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ነገር ብዙ ሆኖ በአገር ሁሉ እንደሚበተን ለማየት ቻለ። ከ1486 ጀምሮ ሚካኤል ቮልገሙት ለሚባል ሠዓሊ ደቀ መዝሙር ሆኖ ቈየ፤ በ1494 አግነስ ፍራይን አገባ፤ በሚከተለውም ዓመት የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ።

በ1498 ዱረር የዮሐንስን ራእይ በ15 ታላላቅ ሥዕሎች አዘጋጅቶ አሳተመ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በጣውላ ላይ ሥዕሉ ይነደፋል፤ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስፍራ ሁሉ በቢላዋ ይጐደጐዳል፤ ብቅ ብሎ በቀረው መሥመር ላይ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ከአንድ ጣውላም ብዙ መቶ ወረቀት ይወጣል። ሥዕሉ በወረቀቱ ፊት፣ የመጽሐፉ ቃል በጀርባው ሆኖ፣ አንዱ እትም በጀርመን ቋንቋ፣ ሁለተኛው በላቲን ነበረ። በምዕራፍ 6 በየተራ የሚወጡት አራቱ ፈረሰኞች በዚህ ሥዕል በአንድነት ሲጋልቡ ይታያሉ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በመጨረሻው ላይ ያሳተመው ሠዓሊው ራሱ መሆኑ መጻፉ ነው። መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ሌሎች ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አታሚው እየከፈለ ያዝዛቸው ነበር እንጂ ሥራውም ትርፉም የእነርሱ አልነበረም። ዱረር በየሥዕሉ ላይ ትልቅ «ኤ» ጽፎ በእግሮቿ መካከል ትንሽ «ዲ» የምታርፍበትን ምልክት ያኖር ነበር፤ እነዚህም በላቲን ፊደል የስሙና የአባቱ ቤት ስም መጀመሪያዎች ናቸው። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ምልክቱን ለይቶ ያውቃል።

ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ወደ ሰው መድረስ ነበረበት። ገና በ1497 ዱረር ከአንድ ሰው ጋር ውል ተዋውሎ፣ ሥዕሎቹን ከአገር አገር፣ ከከተማ ከተማ እያዞረ በተቻለው ዋጋ እንዲሸጥለት ቀጥሮት ነበር። ሚስቱ አግነስ ወደ ፍራንክፈርት የዓመት ገበያ እየወረደች ትሸጣለች፤ እናቱም በኑረንበርግ በበዓል ቀን ሕዝብ ሲሰበሰብ ሥዕሎቹን ታቀርባለች። ስለ ዱረር ጥበብ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ በገበያ መካከል ስለ ቆሙት ስለ እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ንግዱም ሁልጊዜ አልቀናም፤ ከላካቸው ሰዎች አንዱ ሮም ላይ ሞቶ ዕቃው ሁሉ እንደ ጠፋበት ዱረር በማስታወሻው ጽፎታል።

ስሙ በገነነ መጠን ሌባ ተነሣበት። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የሚባል የኢጣሊያ ቀራጭ የእመቤታችንን ሕይወት የሚያሳዩትን ሥዕሎች ከነምልክታቸው በመዳብ ቀርጾ ሸጠ። ቫሳሪ እንደሚተርከው ዱረር በቬኔስያ መንግሥት ፊት ከሰሰ፤ ያገኘው ፍርድ ግን ራይሞንዲ ምልክቱን እንዳይጠቀም የሚከለክል ብቻ ነበረ። በ1511 ዱረር መጻሕፍቱን እንደ ገና ሲያሳትም፣ ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ሥዕሎቹን አስመስሎ ማተምን መከልከሉን ገልጦ ሌቦችን የሚገሥጽ ቃል ጨመረበት። በ1512 ደግሞ አንድ እንግዳ ሰው በኑረንበርግ ሸንጎ ቤት አጠገብ ምልክቱ ያለበትን የሐሰት ሥዕል ሲሸጥ ተገኘ፤ ሸንጎውም ምልክቱን ሁሉ እንዲያጠፋ፣ እንቢ ቢል ሥዕሎቹ እንዲወረሱ አዘዘ። የዚያ ዘመን ዳኛ የሠዓሊውን ስም ጠበቀለት፤ ሥዕሉን ግን አልጠበቀለትም።

በደጅ የሚታዘዘውንም ሥራ ዱረር ፈጽሞ አልተወም። ያዕቆብ ሄለር የሚባል የፍራንክፈርት ነጋዴ ለዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕርገት እንዲሥልለት በ130 ጉልደን ተዋዋለው። ዱረር ግን ድካሙ ስለ በዛ፣ ቀለሙም ውድ ስለ ሆነ፣ 200 ይገባኛል አለ፤ በዚህም በ1508ና በ1509 ብዙ ደብዳቤ ጻፈ። ተራ ሥዕል ቢሆን በአንድ ዓመት ክምር አወጣ እንደ ነበረ፣ በመዳብ መቅረጹን ይዞ ቢቀጥል ኖሮም ዛሬ በ1000 ጉልደን የበለጠ ባለጸጋ ይሆን እንደ ነበረ እየገለጠ ያማርራል። በመጨረሻ 200ውን ተቀበለ። ይህ ሥዕል በንጽሕና ቢጠበቅ 500 ዓመት ሳይደበዝዝ እንደሚኖርም ለሄለር ጻፈለት።

በ1520 ወደ ኔዘርላንድ ሲሄድ የታተሙትን ሥዕሎች በብዛት ይዞ ተነሣ። የባምበርግ ኤጲስ ቆጶስ የዮሐንስን ራእይና ሌሎችንም በስጦታ ተቀብሎ የቀረጥ ነጻ ደብዳቤ ሰጠው፤ ዱረርም ያንን በየኬላው እያሳየ አለፈ። አንትወርፕ በደረሰ ጊዜ የከተማይቱ ሠዓልያን እርሱንና ሚስቱን ግብር አብልተው፣ ወደ ማዕድ ሲገባም ግራና ቀኝ ቆመው አከበሩት። ሥዕሉ ከእርሱ አስቀድሞ ደርሶ ነበርና ማን መሆኑን መንገር አላስፈለገውም። እርሱ ግን በመዝገቡ በዚያ አገር መሸጡም መለወጡም ኪሳራ እንዳመጣበት ጽፏል፤ ክብርና ገንዘብ አብረው አልመጡለትም።

በ1524 ለኑረንበርግ ሸንጎ በጻፈው ደብዳቤ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ከተወለደባት ከተማ ያገኘው ሥራ 500 ጉልደን እንኳ እንደማይሞላ፣ ኑሮውን ያቆመው ከውጭ ሰዎች ባገኘው ገንዘብ እንደ ሆነ ገለጠ። ቬኔስያ በዓመት 200 ዱካት፣ አንትወርፕም 300 ጉልደን ሊሰጡት ጠይቀውት፣ አገሩን ወድዶ እንደ ተመለሰ አስታወሰ። ያጠራቀመውን 1000 ጉልደን ሸንጎው ተቀብሎ በዓመት 50 ጉልደን እንዲሰጠው ለመነ። በ1528 ዐረፈ፤ ስለ ሰው አካል ልክ የጻፈውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አግነስ አሳተመችለት።

የሄለርን ሥዕል የባቫርያው መስፍን ከመነኮሳቱ ገዝቶ ወደ ሙኒክ ወሰደው፤ በ1729 ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። አስቀድሞ ሌላ ሠዓሊ የገለበጠው ቅጂ በፍራንክፈርት ይገኛል። በየገበያው የተሸጡት ወረቀቶች ግን ከነምልክታቸው በቪየና፣ በለንደንና በኑረንበርግ አሉ።