የይፋት ባላንጣና የነገው ዓለም ሰው

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመሣሪያው ነው። ይሁን እንጂ የዘርፉ ታሪክ ሲመረመር ለትውልድ የሚተርፈው ሰውየው መሆኑ ይገለጣል። ጁል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1869 እና በ1870 በተከታታይ ባወጣው ድርሰቱ ያሳየው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ዛሬ የጦር ኃይሎች ተራ ንብረት ሆኗል፤ ካፒቴን ኔሞ ግን ከነቂሙና ከነብቸኝነቱ አንባቢን እንዳነጋገረ ይኖራል። በ1818 የወጣው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ም ዘመን የተሻገረው በቤተ ሙከራው አይደለም፤ ፈጥሮ የካደ ሰውና ተፈጥሮ የተጣለ ፍጡር ስለሚፋጠጡበት ነው።

ይህ እውነት ለኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ከሸዋ ደጋ ቁልቁል ወደ አዋሽ በሚዘረጋው፣ ዛሬ ሸዋ ሮቢት በምትገኝበት የይፋት ቆላ፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ገዝቷል። ኖራን በመሰሉ ስፍራዎች የመስጊድና የቤት ፍርስራሽ አሁንም ይታያል። ድንጋዩ ዝም ቢልም የአንድ የይፋት ሰው ድምፅ በግእዝ በተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን የጦርነት ታሪክ ውስጥ ይሰማል። ሰውየው በ1324 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1332) ከንጉሡ ጋር የተዋጋው ሰብረዲን ነው።

ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ወገን ነውና ለሰብረዲን አያደላም፤ አፉን ግን አልዘጋበትም። ሰብረዲን በአገሩ ሁሉ ላይ ሊነግሥ ይመኛል፤ በንጉሡ መናገሻ ጫት ሊያስተክል ይፎክራል። ይህች ጥቂት ነገር ሰውየውን ከነአገሩና ከነልማዱ ታቆመዋለች። ሲሸነፍም ንግሥቲቱን አማላጅ ይላል፤ በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ ይታሰራል። ከፉከራ እስከ ምልጃ ያለው መንገድ የገጸ ባሕርይ መንገድ ነው። ባላንጣው ገለባ ቢሆን ኖሮ የንጉሡስ ድል ምን ክብደት በኖረው?

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ለዘርፉ ስሙን ያወረሰው «ልብ ወለድ ታሪክ»ም የቆመው በወንድ ልብስ ተሠውራ ወንድሟን ፍለጋ በወጣችው በጦቢያ ጽናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በበቃው፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ በቀረጸው «ክራምብስ» የተሰኘ ሳይንሳዊ ፊልም ደግሞ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ተመልካቹ የሚከተለው ግን ዳንኤል ታደሰ የተጫወተውን፣ ወደ ቤቱ መመለስ የሚናፍቀውን ምስኪን ነው።

የይፋቱ ዜና መዋዕል አንድ ጉድለት አለው፤ አራሹና የግመል ነጂው በስም አይታወቁበትም። የነገዋን ሸዋ ሮቢት በምናቡ የሚሥል ደራሲ ይህን ዕዳ ይከፍል ዘንድ ይገባል። የሮቢን ወንዝ የሚያዝ መሣሪያ መፈልሰፍ ቀላል ነው፤ ከባዱ ወንዙ ዳር ማሾ የዘራው ገበሬ በመሣሪያው ፊት ቆሞ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚመኝ፣ እምቢ ሲልም በምን ቃል እንደሚል ማወቅ ነው።